«ሲያድግ ይተወዋል» ከማለት በፊት፦ ልዩ ፍላጎት ላለው ልጅ ከቤት የሚጀምር ድጋፍ

ጎጃም ውስጥ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት አልፎት አፉን ካልፈታ የመጀመሪያዋ መርማሪ አያቱ ናት። «አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ተዉት፣ ሲያድግ ይተወዋል» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰጂው» ይላል። የከተማው ዘመድ ደውሎ «ባሕር ዳር አምጪው፣ ካልሆነም አዲስ አበባ» ይላል። ማንም በክፋት አልተናገረም። ግን አንዱን ሲሞክሩ፣ ለሌላው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ልጁ አምስት ዓመት ይሞላዋል።

ይህ መመሪያ ለዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ሕክምናውን አትተዉት፤ መንገዱን ከታች በዝርዝር እጽፈዋለሁ። ነገር ግን ሐኪም ለልጁ ችግር ስም እስኪያወጣለት ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ሐኪም ልጁን የሚያየው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው። እናንተ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ታበሉታላችሁ፣ ታለብሱታላችሁ፣ ታጥቡታላችሁ። ዋናው ድጋፍ የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው።

ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ «ልጁ» እላለሁ እንጂ ሴት ልጆችንም ይመለከታል። እንዲያውም ሴት ልጅ ስትሆን «ቤት ትቀመጥ» የሚባለው ይበዛል።

አንደኛ፦ አይታችሁ ጻፉ

ልጆች ሁሉ እኩል አያድጉም። አንዱ በአስር ወሩ ይሄዳል፣ ሌላው በአንድ ዓመት ከአራት ወር። ይህ አያስጨንቅም። የሚከተሉትን ካያችሁ ግን «ትንሽ እንጠብቅ» አትበሉ፦

- በ3 ወሩ ፊቱ ላይ ሆናችሁ ስታጫውቱት ፈገግ የማይል፣ በዓይኑም የማይከተላችሁ፤
- በ6 ወሩ አንገቱ ያልጸና፤
- በ9 ወሩ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ያልቻለ፤
- በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፤
- በ1 ዓመት ከ6 ወሩ የማይራመድ፣ ወይም የሚፈልገውን ነገር በጣቱ የማያሳይ፤
- በ2 ዓመቱ «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል የማያጋጥም፤
- በየትኛውም ዕድሜ ይችለው የነበረውን የተወ። ይናገር የነበረው ዝም ካለ፣ ይራመድ የነበረው ከቆመ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያለ ወሩ የተወለደ ከሆነ ዕድሜውን መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ።

አንድ ደብተር ያዙ። መጻፍ ካልቻላችሁ ታላቅ እህቱ ትጻፍላችሁ። ቀኑ ከጠፋባችሁ በበዓል አስታውሱ። «ለጥምቀት ተቀምጦ ነበር? ለፍልሰታ ቆሞ ነበር?» ቢባል የማታስታውስ እናት የለችም። ስለ ወሊዱም ጻፉ። ምጡ ረዝሞ ነበር? እንደተወለደ አልቅሷል? ቢጫ ሆኖ ነበር? ከባድ ትኩሳት ወይም ማንቀጥቀጥ ይዞት ያውቃል? ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ወረፋው ደርሶ በጥድፊያ ሲጠየቅ ሰው ይረሳል። ስልክ ያለው ሰው ካለ፣ ልጁ የሚያሳየውን እንግዳ ነገር በቪዲዮ ይቅረጸው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ልጁ ያንን ነገር ላያሳይ ይችላል።

ሌላውን ሁሉ ከመጠርጠራችሁ በፊት ጆሮውን ፈትኑ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጫወት ከኋላው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩት። ማንኪያ በኩባያ ምቱ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ድገሙት። ጥላችሁን እንዳያይ ተጠንቀቁ። ወለል አትርገጡ፣ በርም አታንኳኩ፤ መስማት የተሳነው ልጅ ንዝረቱ ተሰምቶት ይዞራልና ያሳስታችኋል። ይህ ፈተና የባለሙያ ምርመራን አይተካም። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ግን ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። «አይታዘዝም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» የሚባል ልጅ ጆሮው ለዓመታት መግል ሲያወጣ የኖረ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ የሕክምናውን መንገድ በቅደም ተከተል ሂዱ

ከቀበሌያችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጀምሩ። ቤታችሁን ታውቀዋለች፣ ለክትባት ስትመጣም አይታችኋል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ነው መንገዱ። ምሥራቅ ጎጃም ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይላካል። ምዕራብ ጎጃምና ባሕር ዳር ዙሪያ ያለው ደግሞ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል።

ሪፈሩን ዘላችሁ በቀጥታ አትሂዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መድኑ የሚሠራው ደረጃውን ጠብቃችሁ ስትሄዱ ነው። ወረቀት ሳትይዙ ብትሄዱ ወጪው ኪሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አባል ካልሆናችሁ ምዝገባው የሚከፈትበትን ወር ከቀበሌ ጠይቁ። መታወቂያውን በየዓመቱ ማሳደስም አትርሱ። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ ባለበት ቤት ይህ ወረቀት እንደ መሬት ደብተር ተጠብቆ መቀመጥ አለበት።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እነዚህን ሳትጠይቁ አትውጡ፦

1. ዓይኑና ጆሮው ተመርምሯል?
2. በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር አለው?
3. ቤት ውስጥ ምን እንሥራ? (በቃል ብቻ እንዳይነግሯችሁ፤ «በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ።)
4. መድኃኒቱ ቢያልቅብን ወይም ብንረሳ ምን እናድርግ?
5. መቼ እንመለስ? ምን ካየን ከቀጠሮው በፊት እንምጣ?

ፈጽሞ ቀጠሮ የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። የሕፃኑ ራስ ከወር ወር በፍጥነት እየተለቀ ከሄደ ውኃ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። የዓይኑ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ከታየም ዓይኑን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን የሚያሳጣ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አይባልም። እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢወሰድ በየሳምንቱ በሚቀያየር ጀሶ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ብዙዎቹ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ይሠራላቸዋል፤ ከዚያ ማታ ማታ የሚደረግ ልዩ ጫማ እስከ አራት ዓመቱ አካባቢ ይቀጥላል። ብዙ ቤተሰብ እግሩ ቀጥ ሲል ጫማውን ይተዋል። ያን ጊዜ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ለሰው ሠራሽ አካል፣ ለእግር ድጋፍና ለተሽከርካሪ ወንበር ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ሆስፒታሉ ወደዚያ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ስለ ጨው ላንሳ። እንቅርት በደጋው ጎጃም ለብዙ ዘመን የኖረ ችግር ነው። ብዙ ሰው የአንገት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን በጣም ካነሳት ግን የልጁ አእምሮና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ግዙ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ጀርባው ላይ እብጠት ወይም ክፍተት ያለው ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ሌላ ከማርገዟ በፊት ስለ ፎሊክ አሲድ እንክብል ጤና ጣቢያ ሄዳ ታማክር። ካረገዙ በኋላ መጀመር ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ጠበሉስ?

ይህን ሳያነሱ ጎጃም ውስጥ ስለ ልጅ ሕመም መጻፍ አይቻልም። ግሽ ዓባይ ድረስ ልጇን አዝላ የምትሄድ እናትን «አትሂጂ» የሚላት ሰው ጆሮዋን ያጣል፤ እኔም አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው። መድኃኒቱ አይቋረጥ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብሶ ይነሣል፤ ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ ይቻላል። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሯቸው። «አባ፣ ልጁ መድኃኒት ላይ ነው» በሏቸው። እሳቸው «ይውሰድ» ካሉ ቤተሰቡ ውስጥ የሚከራከር አይኖርም። ጠበሉ ቦታ ላይ ማሰር፣ መምታትና ለቀናት ምግብ መከልከል ካለ ግን ልጁን ይዛችሁ ውጡ።

ሦስተኛ፦ ለሁለት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ሁሉንም በአንዴ ልናስተምር ስንነሣ ልጁም ይሰለቻል፣ እኛም ተስፋ እንቆርጣለን። ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ። «ይናገር» ማለት ትልቅ ነው። «ውኃ ሲፈልግ ኩባያውን ይስጠኝ» ማለት ትንሽ ነው፣ ይቻላልም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ልጁ የሚወደውን ነገር፣ ለምሳሌ ዳቦ፣ በሚያየው ግን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ፊቱ ላይ እንድትሆኑ ቁጭ በሉ። ዳቦውን አንሥታችሁ «ዳቦ» በሉ፤ አንድ ቃል ብቻ። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ይህ ዝምታ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው፤ እናት ልጇ የሚፈልገውን ስለምታውቅ እጇ ይቀድማል። ቁጠሩ። ልጁ ዓይኑን ቢያነሣ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ «ዳ» ቢል ያኔውኑ ስጡት፣ ደስታችሁንም አሳዩት። ምንም ካላደረገ እጁን ይዛችሁ ወደ ዳቦው ዘርጉለትና ስጡት። በሚቀጥለው ጊዜ እገዛውን ትንሽ ቀንሱ።

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዓይነት ዕድል አለ። ለዶሮ እህል ስትበትኑ እፍኙን በእጁ አስይዙትና «በትን» በሉ። ቡና ሲፈላ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ያቀብል። ቡና ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በየቀኑ ይደገማል፣ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፣ ሰው ይሰበሰባል። ከከሰሉና ከጀበናው አርቁት እንጂ ከክቡ አታውጡት። ሁለት ነገር አሳይታችሁ «ይኼ? ወይስ ይኼ?» ብላችሁ አስመርጡት። መናገር የማይችል ልጅ መምረጥ ይችላል። ያ ምርጫ ራሱ ንግግር ነው።

ልብስ መልበስ ስታስተምሩ ከመጨረሻው ጀምሩ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እናንተ አልብሱት፤ ወገቡ ላይ መሳቡን ለእሱ ተዉለት። ያን ሲችል ከጉልበቱ ጀምሮ ይሳብ። ቀጥሎ እግሩን ያስገባ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን የሚጨርሰው እሱ ነው። «ጎበዝ!» የምትሉትም በእውነት ለሠራው ነው።

ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ለውጥን መቀበልን የሚያስቸግር የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ) ላለበት ልጅ ወይም ድንገተኛ ለውጥ ለሚያስጮኸው ልጅ ሊሆን ያለውን አስቀድማችሁ አሳዩት። ቃል ካልገባው በዕቃ ንገሩት። ገላ ልታጥቡት ስትሉ ሳሙናውን አስጨብጡት፣ ልትወጡ ስትሉ ነጠላውን አሳዩት፣ ልትበሉ ስትሉ ሳህኑን። ሁልጊዜ ያው ዕቃ ለያው ነገር ይሁን። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ልጁ ራሱ ነጠላውን አምጥቶ እግራችሁ ሥር ቢጥለው አትገረሙ፤ «እንውጣ» ማለቱ ነው። ገበያ፣ ሠርግና የድምፅ ማጉያ ያለበት ቦታ ያስጨንቀው ይሆናል። መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ፣ ከዳር ሆናችሁ አለማምዱት።

ሲጮህ፣ ሲናከስ፣ ራሱን ግድግዳ ላይ ሲመታ «ባለጌ ሆነ» ከማለታችሁ በፊት ሕመም ፈልጉ። ጆሮ፣ ጥርስ፣ የሆድ ድርቀት። እነዚህ ከሌሉ ሁለት ነገር ጻፉ። ከመጮሁ በፊት ምን ሆነ? ከጮኸ በኋላስ ምን አገኘ? በየጊዜው ሲጮህ ስልክ የሚሰጠው ከሆነ መጮህን ያስተማርነው እኛው ነን። ስልክን የሚጠይቅበት ሌላ መንገድ እናስተምረው። ዱላ ምንም አያስተምረውም። ለምን እንደተመታ ስለማይገባው የሚይዘው ፍርሃቱን ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ሰውነቱ የማይታዘዝለት ልጅ

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ጡንቻው ይገትራል ወይም ይላላል። ችግሩ ከአንጎል ነው። አይባባስም፣ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ከዋለ መገጣጠሚያዎቹ ይደርቃሉ፣ ሳንባውም ይዳከማል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ አቀማመጡን ለውጡ፦ በጎን፣ ተደግፎ መቀመጥ፣ እያያችሁት ደግሞ በደረቱ።

አንቀልባ ጥሩ መሣሪያ ነው። እግሮቹ እንደ መቀስ ለሚጣመሩበት ልጅ ወገባችሁን በእግሮቹ አቅፎ መታዘሉ ጭኖቹን ይከፍትለታል። አንገቱ ካልጸና ግን በፊት ለፊት፣ ራሱን ደግፋችሁ ያዙት። እያደገ ሲሄድ ደግሞ የእናትን ወገብ ይጎዳል፤ ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

መቀመጫ ለመሥራት አናጢ መጥራት ላያስፈልግ ይችላል። የመደቡ ጥግ፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ፣ ጥሩ ወንበር ነው። ጀርባውና ሁለት ትከሻው ይደገፋሉ። በሁለቱም ጎን የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በእግሮቹ መካከል ደግሞ ትንሽ የጨርቅ ጥቅል አድርጉ። ከፊቱ ዝቅ ያለ ሳጥን አስቀምጡለት፤ እጁን ያሳርፍበታል፣ ይጫወትበታል። ከምድጃው የራቀውን ጥግ ምረጡ። መቆም ለጀመረው ደግሞ ባሕር ዛፍ ሞልቷል። በልጁ ወገብ ቁመት ሁለት አግዳሚ እንጨት በትከሻው ስፋት ልክ ትይዩ አድርጋችሁ ጓሮ ውስጥ ትከሉ። ልጡን በደንብ ላጡት፣ እጁን እንዳይወጋው። መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይራመድ። የፊዚዮቴራፒ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ አንድ ጊዜ ቢያያችሁና ቢያርማችሁ ጥሩ ነው።

አሁን ስለ መብላት። እዚህ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ልጁን አትጋቱት። በጀርባ አስተኝቶ፣ አፍንጫ ይዞ፣ በመዳፍ አጥሚት ማንቆርቆር የቆየ ልማድ ነው። ለማንም ሕፃን አይበጅም፤ መዋጥ ለሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ ምግቡን ወደ ሳንባው መላክ ነው። በየጊዜው የሚመላለስ የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ይልቅ እንዲህ አብሉት። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። ራሱ ወደ ኋላ አይዘንበል፤ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ይቅረብ። ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቆማችሁ ካበላችሁት ቀና ይላል። ትንሽ ማንኪያ፣ ትንሽ ጉርሻ። መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛ አትስጡ። ቀጭን ነገር በጣም የሚያስለው ከሆነ አጥሚቱን ወፈር አድርጉት። ለስላሳ ገንፎ፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ የተፈጨ ድንች ይሻላል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ደረቅ ዳቦ አይስጡት። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አታስተኙት። በበላ ቁጥር ካሳለው፣ ድምፁ ውኃ ውኃ ካለ ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ተናገሩ። አንድ ምግብ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚወስድበት ከሆነ በትንሽ በትንሹ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ አብሉት።

በጾም ወቅት ቤቱ ሁሉ ሲጾም የልጁ ምግብ አብሮ የሚቀጥንበት ጊዜ አለ። ሕፃን አይጾምም። ወተቱና እንቁላሉ ይቀጥል።

አምስተኛ፦ ሲጥለው

ብዙ ነገር አታድርጉ። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ እሳትና ድንጋይ አርቁለት፣ ሰዓት ተመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት አጭሳችሁ አታሽቱት። እጁን ጨምድዶ መያዝም፣ ብረት ማስጨበጥም አይጠቅምም። የሚወጣው አረፋ በሽታውን ወደ ማንም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ማንም አይሽሽ። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ሲጥለው እሳት ላይ መውደቁ ደግሞ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። መሬት ላይ ያለውን ምድጃ ከፍ አድርጉት ወይም በእንጨት አጥሩት። ወንዝ ብቻውን አይላክ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተነሡ። መንገድ ሲዘጋ፣ ትራንስፖርት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። በቀጠሮ ጊዜ «ትንሽ ጨምሩልኝ፣ መንገዱ አስተማማኝ አይደለም» ብላችሁ ጠይቁ።

ስድስተኛ፦ እናትየው ብቻዋን አትሸከም

ብዙ ቤት ውስጥ የልጁ ነገር ሁሉ እናት ላይ ይወድቃል። ጥፋቱም ጭምር። «በእርግዝናሽ ምን በልተሽ ነው? ከማን ተጣልተሽ ነው?» ይሏታል። ይህ ጥያቄ ለማንም አልጠቀመም። አባት ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታችሁ በአማቶች ፊት «የእሷ ጥፋት አይደለም» ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቋሚ ሥራ ውሰዱ። የማታውን ምግብ እኔ አበላለሁ፣ ቀጠሮ የምወስደው እኔ ነኝ፣ በሉ።

እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ አታስገቡት። ሰው ይጠይቃል፤ የሚባል ነገር አዘጋጁ። «አንጎሉ ላይ ጉዳት ደርሶበታል፣ መናገር ያስቸግረዋል፣ ይሰማል ግን፤ አናግረው» በቂ ነው። ልጁ እየሰማ «እሱ ምንም አያውቅም» አትበሉ።

ታላላቆቹን አትርሱ። ታላቅ እህት ሁለተኛ እናት ትደረጋለች፣ ከትምህርት ትቀራለች። እሷም ልጅ ናት። በሳምንት አንድ ጊዜ እሷን ብቻ ይዛችሁ ገበያ ውጡ።

ጎረቤት ደግሞ «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ከመሄድ አንድ ሰዓት ልጁን ይያዝላት። እናቶችም «ምን ላግዝሽ?» ሲሏችሁ «ምንም» አትበሉ። ቁርጥ ያለ ነገር ንገሩ። «ቅዳሜ ገበያ እስክመለስ ያዢልኝ፣ እንዲህ አድርገሽ ታስቀምጪዋለሽ።» በአጨዳና በውቂያ ሰሞን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሰው ሁሉ ማሳ ሲውል ልጁ ብቻውን ተዘግቶበት የሚቀርበት ቤት አለ። ሰሞኑ ሳይደርስ ከሁለት ሦስት ቤት ጋር ተራ አውጡ።

ዕድራችሁ ውስጥ አንሡት። ዕድር ለሞት ብቻ አይደለም፤ ለታመመ የሚረዳም አለ። ለሪፈር መጓጓዣ እንዲያግዝ መጠየቅ ነውር የለውም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው አራት አምስት እናቶች አይጠፉም፤ እርስ በርስ ግን አይተዋወቁም፣ ሁሉም ደብቋልና። ጤና ኤክስቴንሽኗ ታውቃቸዋለች። አገናኚን በሏት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ቢገናኙ አንዷ ያገኘችውን ሌላዋ ትወስዳለች። አዲስ አበባ ያለው ጆይ ኦቲዝም ማዕከልም በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በአንዲት እናት፣ ልጇ ኦቲዝም በነበረበት በወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነው።

እናትየው እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ «ከልጄ ጋር ብሞት» ማለት ከጀመረች ግን ቡና አይበቃም። ብቻዋን አትተዉ፤ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። ሕክምና አለው።

ሰባተኛ፦ ትምህርት ቤት

አንድ ዓመት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። መስከረም ላይ ልጁን ይዞ በር ላይ መቆም ለእምቢታ ያመቻል። ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ። በአቅራቢያው ልዩ ክፍል ያለው ወይም የልዩ ፍላጎት መምህር የተመደበለት ትምህርት ቤት እንዳለ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። መስማት ለተሳነው ልጅ ይህ ወሳኝ ነው፤ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ሰውና በምልክት የሚያወራው ጓደኛ ያስፈልገዋል። እናንተም ከልጁ ጋር ምልክቱን ተማሩ።

ለሌሎቹ ልጆች ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ኦ ክፍል ይሻላል እላለሁ። ቅርብ ነው፣ ልጆቹም ጎረቤቶቹ ናቸው። መምህሯ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነች ባትሆንም ፈቃደኛ ከሆነች ብዙ ትሠራለች።

ከከለከሏችሁ ለምን እንደሆነ በወረቀት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ብቻውን ሐሳብ የሚያስቀይርበት ጊዜ አለ። ካልሆነ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሂዱ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት አይገለልም። የምትጠይቁት መብት ነው፤ እየተለማመጣችሁ አትጠይቁ።

ከመክፈቻው በፊት ሰው በሌለበት ቀን ልጁን ወስዳችሁ ግቢውን አሳዩት። የሚቀመጥበትን፣ ውኃ የሚጠጣበትን፣ በተለይ ሽንት ቤቱን። ብዙ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው በሽንት ቤት ምክንያት ነው። ቁጢጥ ማለት ለማይችል ልጅ መሃሉ የተበሳ ወንበር ቀዳዳው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አናጢ በቀላሉ ይሠራዋል።

ለመምህሯ አንድ ገጽ ጻፉላት። ምን ይወዳል? ምን ያስፈራዋል? ሽንቱ ሲመጣ ምን ያሳያል? ሲጥለው ምን ታድርግ? በማን ስልክ ትደውል? ከፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ ከበር ራቅ አድርጋ ታስቀምጠው። አንድ ጓደኛ ትስጠው፤ ጓደኛው ግን በየሳምንቱ ይቀያየር፣ አንዱ ልጅ ሞግዚት እንዳይሆን።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግማሽ ቀን ብቻ ይዋል። ከደስታ ጋር ቢመለስ ይሻላል። አንድ ትንሽ ደብተር በቦርሳው ይመላለስ፤ መምህሯ «ዛሬ ከልጆች ጋር ኳስ ያዘ» ብላ ትጻፍበት፣ እናንተ ደግሞ «ሌሊት አልተኛም፣ ዛሬ ይነጫነጭ ይሆናል» ብላችሁ። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ይዛችሁ ከመምህሯ ጋር ተቀመጡ፣ ለቀጣዩ ወር የሚሠራውን አንድ ነገር አብራችሁ ምረጡ።